ምርቱን ማን አመረተው? ማንስ ሰፈረው?

የታሪክ ትምህርት ለንባብ ቡድኖች



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል አጣምራችሁ፣ ጋዜጣ ለማንበብ በቅታችኋል። የዛሬው ትምህርት ረዘም ይላል። በአንድ ቀን ማንበብ የከበደው በሁለትና በሦስት ቀን ያንብበው። ማንበብ የቻለ ላልቻለው ጮክ ብሎ ያንብብለት። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። የአውሮፓ ሲሆን እንናገራለን።

አውድማ ላይ እንጀምር።

እህሉ ታጨደ፤ ተከመረ። ጊዜው ሲደርስ በሬዎቹ አበራዩት። ነፋስ ሲመጣ በመንሽና በላይዳ ተዘራ። ገለባው ወደ አንድ ወገን፣ ፍሬው ወደ አንድ ወገን ሆነ። መሐል አውድማው ላይ የተቆለለውን ፍሬ ምን እንለዋለን? ምርት እንለዋለን። ይህን ቃል ከከተማ የመጣ ምሁር አላስተማረንም። የገበሬ ቃል ነው።

ምርቱ ሲከማች ሰፋሪው ቁናውን ይዞ ይቀርባል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሰፍራል። አንዱ ቁና ወደዚህ ጆንያ ይገባል፤ ሌላው ወደዚያ። ባለቤቱ ዓይኑን ከቁናው አይነቅልም። ለምን? የዓመቱ ኑሮ የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ስለሆነ ነው።

ትምህርታችንም የሚነሳው ከዚያች ሰዓት ነው። የሰው ልጅ ኑሮና ሥርዓት ከዘመን ወደ ዘመን ለምን ይለወጣል? የትናንቱ ጌታ ዛሬ ለምን ጌታ አይደለም? የትናንቱ ሕግ ዛሬ ለምን ሕግ አይደለም?

1. ሦስት ጥያቄዎች

ምርቱን እያየን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

አንደኛው ጥያቄ፦ በምን ተመረተ? በገበሬው ጉልበት ተመረተ። በበሬ፣ በሞፈር፣ በቀንበር፣ በማረሻ ተመረተ። በዘሩ ተመረተ። ደግሞም በዕውቀት ተመረተ። መቼ እንደሚታረስ፣ መቼ እንደሚዘራ ያላወቀ ሰው በሬ ቢኖረውም አያመርትም። የሰው ጉልበት፣ ዕውቀትና መሣሪያ አንድ ላይ ሲሆኑ አምራች ኃይል ይባላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መሬቱ የማን ነው? በሬውስ? ዘሩስ? አንዱ ባለመሬት፣ አንዱ ባለጉልበት ሊሆን ይችላል። አንዱ አዛዥ፣ አንዱ ታዛዥ ሊሆን ይችላል። ሰዎች ለማምረት ሲሉ እርስ በርሳቸው የሚገቡበት ግንኙነት የአመራረት ግንኙነት ይባላል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ምርቱን ማን ሰፈረው? ለማን ስንት ደረሰው? በመሬቱ፣ በሥራውና በክፍያው አንድ ዓይነት ቦታ ያላቸው ሰዎች አንድ መደብ ናቸው ይባላል። ባለመሬቶች አንድ መደብ ናቸው። መሬት የሌላቸው አራሾች ሌላ መደብ ናቸው። የአንዱ ቁና ሲበዛ የሌላው ያንሳል። ከዚህ የሚነሳው ግፊያና ጠብ የመደብ ትግል ይባላል።

ይህን አነጋገር በዓለም ያስፋፋው ካርል ማርክስ የሚባል ጀርመናዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1818 እስከ 1883 ኖረ። ፍሪድሪክ ኤንግልስ ከሚባለው ወዳጁ ጋር ብዙ መጻሕፍት ጻፈ። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ መሣሪያና ዕውቀት ያድጋሉ። የባለቤትነቱና የክፍያው ሥርዓት ግን እንደ ድሮው ልቆይ ይላል። ያደገ ልጅ የልጅነት ቀሚሱ እንደሚጠበው፣ ያደገውን አመራረት አሮጌው ሥርዓት ይጠበዋል። በዚህ ጊዜ መደቦች ይጋጫሉ። ቀሚሱ ይቀደዳል። አዲስ ሥርዓት ይመጣል።

ይህ ትምህርት እውነት ነው ወይስ አይደለም? ተነገረን ብለን አንቀበለው። አልወደድነውም ብለንም አንጣለው። የእኛኑ አገር ታሪክ ይዘን እንመዝነው።

2. ትርፍ ሲመጣ ሰፋሪ መጣ

በጥንት ዘመን ሰው አዳኝና ፍሬ ለቃሚ ነበር። ያገኘውን በዚያው ቀን ወይም በዚያው ሰሞን ይበላል። ጎተራ የለውም። ጎተራ በሌለበት ግብር ሰብሳቢ ምን ይሰበስባል? ምንም።

ሰው እህል መዝራትና ከብት ማርባት ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቤተሰብ ከሚበላው በላይ ማምረት ቻለ። ይህ ትርፍ ትልቅ ነገር ነው። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ካህኑ፣ ወታደሩ፣ ንጉሡም የሚኖሩት በዚህ ትርፍ ነው። ከተማም የተሠራው በዚህ ትርፍ ነው።

ትርፍ ሲኖር ግን «ትርፉ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አብሮ ተወለደ። በብዙ አገር ሰው ራሱ እንደ ከብት ይሸጥና ይገዛ ነበር። በአገራችንም ባርነት ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ከለከለው።

3. አንድ ማረሻ፣ ሁለት ዓይነት አሰፋፈር

በኢትዮጵያ በበሬ ማረስ ከሺህ ዓመታት በፊት የተጀመረ ነው። ማረሻው ብዙ አልተለወጠም። አሰፋፈሩ ግን በየአገሩ ይለያይ ነበር።

በሰሜኑ ክፍል ብዙው ገበሬ ርስት ነበረው። ርስት ከአባትና ከእናት የዘር ሐረግ የሚወረስ መሬት ነው። ገበሬው መሬቱን አያጣም። ግን በርስቱ ላይ ጉልት የሚባል ሌላ መብት ይደረብበት ነበር። ጉልት ማለት ንጉሡ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ባለርስቱ ያርሳል። ባለጉልቱ አሥራቱንና ሌላውን ግብር ይቀበላል።

በደቡቡ ክፍል በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የአፄ ምኒልክ ጦር ብዙ አገር ያዘ። ብዙ የአካባቢው ሰው ገባር ተብሎ ለወታደርና ለሹም ተመደበ። ገባሩ እህል ይሰፍራል፤ ማርና ከብት ያቀርባል፤ አጥር ያጥራል፤ እህል ያስፈጫል፤ ዕቃ ይሸከማል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በሰሜንም በብዙ የደቡብ ቦታም ያው ሞፈርና ቀንበር ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ጦርነትና ሥልጣን ነው። ስለዚህ «ሥርዓትን የሚለውጠው መሣሪያ ብቻ ነው» የሚል ሰው ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር አይስማማም። ጠመንጃም ሥርዓት ያመጣል። ሆኖም ጠመንጃ የያዘውም ሰው ቢሆን የሚቀመጠው አውድማው ዳር ነው። የሚበላው ከምርቱ ነው።

ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፈለ። ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል አደረገ። የገባር አገልግሎት በሕግ ቀረ። ግን መሬቱ በማን ስም ነበር? በብዙ የደቡብ ቦታ በባላባቱ፣ በሹሙ፣ በወታደሩ ስም ነበር። የትናንቱ ገባር በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ሆነ። ስሙ ተለወጠ፤ ቁናው ግን አልተለወጠም።

4. የጭሰኛው ሒሳብ

እስቲ አብረን እናስላ። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ጭሰኛ በዓመት 10 ኩንታል ስንዴ አገኘ እንበል። ያረሰው እኩል ሊያካፍል ተስማምቶ ነው።

ከ10 ኩንታል አሥራቱ 1 ኩንታል ነው። አሥራቱ በሕግ የባለመሬቱ ዕዳ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በጭሰኛው ላይ ይወድቅ ነበር። 9 ኩንታል ቀረ።

9 ኩንታል ለሁለት ሲካፈል ለባለመሬቱ 4 ኩንታል ተኩል፣ ለጭሰኛው 4 ኩንታል ተኩል ይደርሳል።

ጭሰኛው ለከርሞ ዘር 1 ኩንታል ያስቀምጣል። 3 ኩንታል ተኩል ቀረው። ከዚህ ላይ ጨው ይገዛል፤ ልብስ ይገዛል፤ ዕዳ ይከፍላል። የተረፈው ለቤተሰቡ ምግብ ነው። ዓመት ያደርሳል ወይ? መልሱን የቤታችሁን ጎተራ ጠይቁት።

«እኩል ከሆነ ምን አለበት?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኩል የተካፈለው ምርቱ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። አራሹ ጭሰኛ ነው። አራሚዋ የጭሰኛው ሚስት ናት። ወፍ ጠባቂው የጭሰኛው ልጅ ነው። በዚያ ላይ ለበዓል ሙክት፣ ለባለመሬቱ ድግስ ማር፣ ለአጥሩ ጉልበት ይጠየቃል።

በሲሶና በእርቦ የሚያርሱም ነበሩ። ሲሶ ለባለመሬቱ ከሦስት አንድ፣ እርቦ ከአራት አንድ ነው። ሕጉ የፈቀደው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ የሚወስደው ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ይላል። ከ10 ኩንታል ሦስት አራተኛው 7 ኩንታል ተኩል ነው። ጭሰኛውን ይጠብቃል የተባለው ሕግ ለአራሹ 2 ኩንታል ተኩል ብቻ እስኪቀረው ድረስ ይፈቅድ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ጭሰኛው ለምን ትቶ አይሄድም ነበር? ወዴት ይሂድ? በሬው እዚያ ነው፤ ጎጆው እዚያ ነው። ሌላውም መሬት ባለቤት አለው።

5. አመራረቱ ሲለወጥ

ይህ ሥርዓት ብዙ ዘመን ቆየ። ታዲያ ምን አናጋው? አንዱ ምክንያት አመራረቱ መለወጡ ነው። ሁለት ምሳሌ እንይ።

የመጀመሪያው የጌዴኦ ቡና ነው። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትና ቡና አብሮ ይተክላል። ቡና በዓለም ገበያ ሲፈለግ መሬቱ ተወደደ። መሬቱ ሲወደድ ባለመሬት ነኝ ባዩ በዛ። መሬቱ በቀላድ ተለካ። ቡናውን ተክሎ ያሳደገው ሰው የቡናውን ፍሬ እንዲያካፍል ተጠየቀ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ተነሱ። ብዙዎቹ የያዙት ጦር ነበር። በጠመንጃ ተመቱ።

ሁለተኛው ምሳሌ የአርሲ ነው። በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አንድ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ካዱ ይባላል። ስምምነቱ የተፈረመው በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። መቀመጫው አሰላ ነበር። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። የተሻሻለ የስንዴ ዘር አመጣ። የፋብሪካ ማዳበሪያ አመጣ። ብድር ሰጠ። ገበያ አመቻቸ። ምርቱም ከፍ አለ።

ይህ መልካም ነገር ነው። ግን አንባቢያን ሆይ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ አትርሱ። መሬቱ የማን ነበር?

ባለመሬቱ አየ። ስንዴው እንደ ድሮው ስንዴ አይደለም። ብዙ ይሰጣል፤ ገንዘብ ያመጣል። በሲሶ ያርስ የነበረውን ጭሰኛ «እኩል አካፍለኝ» የሚል ባለመሬት መጣ። ከዚያም ትራክተር ገባ። በትራክተር ያረሰ ባለመሬት ምርቱን በሙሉ ይወስዳል። ታዲያ ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? ትራክተር ደግሞ ሰፊና ያልተቆራረጠ ማሳ ይወዳል። በመሐል ያለ ጎጆ፣ አጥርና ጓሮ እንቅፋት ይሆንበታል።

ብዙ ጭሰኞች ተነቀሉ። አባቱም አያቱም በዚያው መሬት የኖሩ ሰው «ልቀቅ» ተባለ። የጽሑፍ ውል አልነበረውም። ውል ቢኖረውም ማንበብ አይችልም ነበር።

እንግዲህ ተመልከቱ። ማዳበሪያና ትራክተር በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ግን በአሮጌው የመሬት ሥርዓት ውስጥ ሲገቡ ያረሰውን ሰው ከመሬቱ ላይ አስነሱት። ቀደም ብለን የቀሚስ መጥበብ ያልነው ይህ ነው። አመራረቱ አደገ፤ ሥርዓቱ ጠበበው።

6. ትግሉ ብዙ መልክ ነበረው

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ሆኖም ገበሬው ዝም ብሎ አልኖረም። አንዱ ሰፋሪው ሳይመጣ እሸቱን እየሸመጠጠ ይበላ ነበር። አንዱ ማታ ከአውድማው ያሸሽ ነበር። አንዱ ዳኛ ፊት ቆሞ ዓመት ከዓመት ይመላለስ ነበር። ይህም ትግል ነው።

ሲብስ ደግሞ መሣሪያ ይነሳ ነበር። በባሌ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዐመፅ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ዋቆ ጉቱ ናቸው። በዐመፁ የመሬትና የግብር በደል ነበረበት፤ የብሔርና የሃይማኖት ቅሬታም ነበረበት።

በጎጃም በ1960 ዓ.ም. ሌላ ዐመፅ ተነሳ። ምክንያቱ በዚያው ዓመት የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ነው። የጎጃም ገበሬ ግን በብዛት ጭሰኛ አልነበረም፤ ባለርስት ነበር። «መሬታችንን ሊለኩብን ነው፤ ከለኩት በኋላ ርስታችንን ይወስዱታል» ብሎ ሰጋ። መንግሥት ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ላከበት። በመጨረሻ ግን ውዝፍ ግብሩ ተማረ።

ስለዚህ ሁሉም ትግል አንድ ዓይነት አይደለም። የአርሲው ጭሰኛ መሬት ፈለገ። የጎጃሙ ባለርስት ያለውን እንዳያጣ ተዋጋ። «ገበሬ» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም፣ አውድማው ላይ የቆሙበት ቦታ የተለያየ ነበር።

ከተማም ውስጥ ጥያቄው ተሰማ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ከእነሱ ብዙዎቹ ሞፈር ጨብጠው አያውቁም። ግን ጥያቄውን ከገጠር አንስተው ቤተ መንግሥት ደጃፍ አደረሱት።

መንግሥት ጉልትን በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ አስቀረ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ሕግም ተረቅቆ ለፓርላማ ቀረበ። ስዊድንም ሕጉ እንዲወጣ ትጠይቅ ነበር። ፓርላማው ግን ዓመት ከዓመት ሳያጸድቀው ቀረ። ለምን? ለምክር ቤቱ ለመመረጥ ንብረት ያለው ሰው መሆን በሕግ ይጠየቅ ነበር። በፓርላማ የተቀመጡት አብዛኞቹ ባለመሬቶች ነበሩ። የራሱን ቁና የሚያሳንስ ሕግ የሚያጸድቅ ሰው ጥቂት ነው።

በሰላም በጊዜው ያልተከፈተ በር በኋላ ተሰብሮ ይከፈታል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። መንግሥትም ረሃቡን ሸሸገ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ፣ መምህሩ፣ የታክሲ ነጂውና ሠራተኛው ተነሳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ሥልጣኑን የያዘው ደርግ የሚባለው የወታደሮች ስብስብ ነው።

7. የየካቲት 1967 አዋጅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። አዋጁ ከያዛቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ጭሰኛ ለባለመሬት ከሚከፍለው የመሬት ኪራይ፣ ዕዳና ሌላ ግዴታ ነፃ ሆነ።

ለ. ራሱ ማረስ ለሚፈልግ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መሬት እንዲሰጠው ተደነገገ።

ሐ. የአንድ ቤተሰብ መሬት ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

መ. መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ።

ሠ. ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለት 20 ጋሻ በሆነ ቦታ ላይ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ።

በዚያው ዓመት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። አዋጁን ለገበሬው አነበቡ፤ ማኅበር አቋቋሙ። በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ ይህ ቀን ትልቅ ቀን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ምርቱን ሰፍሮ ወደ ገዛ ጎተራው አስገባ።

አዋጁን ያወጣው ወታደር ነው፤ ጥያቄውን ያነሳው ግን ወታደር አይደለም። ጥያቄው በጌዴኦ ቡና ሥር፣ በአርሲ ማሳ፣ በተማሪዎች ሰልፍ ላይ አስቀድሞ ነበረ።

8. በሌላ አገርም ሆኗል

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። የፈረንሳይን አገር እንይ። በዚህ ክፍል ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፈረንሳይ ገበሬ ለጌታ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለንጉሥ ይከፍል ነበር። በ1789 ዓብዮት ተነሳ። በዚያ በጋ ገበሬዎች በብዙ ቦታ ወደ ጌቶች ግቢ ገቡ። ምን ፈለጉ? የዕዳና የግብር መዝገቡን ፈለጉ። እሳት ለቀቁበት። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ግን ዕዳቸው የሚኖረው በዚያ ወረቀት ውስጥ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ኦገስት 4 ቀን 1789 ምክር ቤቱ የጌቶችን መብት ሻርኩ አለ። ሆኖም ብዙው የመሬት ክፍያ በካሣ ካልሆነ አይቀርም ተባለ። ገበሬው እንቢ አለ፤ አልከፍልም አለ። ክፍያው ያለ ካሣ የተሻረው በ1793 ነው። ትግሉ በአንድ ሌሊት አዋጅ አላለቀም።

9. ባላባቱ ሲሄድ ሰፋሪው ማን ሆነ?

በእኛም አገር በአንድ ቀን አዋጅ አላለቀም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል የመንግሥት ድርጅት እህል ይገዛ ነበር። ገበሬው ኮታ ተጣለበት። ኮታ ማለት «ይህን ያህል ኩንታል ለመንግሥት ትሸጣለህ» የሚል ትእዛዝ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ያነሰ ነበር። እህሉን ወደተሻለ ገበያ እንዳይወስድ ኬላ ላይ ይያዝ ነበር። ኮታውን መሙላት ያቃተው ሰው ከገበያ ገዝቶ የሚያስረክብበት ጊዜም ነበር።

ለገበሬው የተቋቋመው ማኅበርም ብዙ ቦታ የመንግሥት እጅ ሆነ። ኮታ ይደለድላል፤ መዋጮ ይሰበስባል፤ ለጦር ሠራዊት ሰው ይመለምላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ፣ ጦርነትና የተሳሳተ አሠራር ተደራርበው እጅግ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብዙ ገበሬ ከነባር ጎጆው ወደ መንደር እንዲሰባሰብ ተደረገ። ኮታው የተነሳው በ1982 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ።

ሦስተኛውን ጥያቄ እዚህ ላይ እንደገና እንጠይቅ። ምርቱን ማን ሰፈረው? ባላባቱ ሄዷል። ግን የዋጋው ቁና ገበሬው እጅ አልገባም። ስለዚህ ከታሪካችን የምንማረው ይህ ነው፦ የአንድ መደብ መውደቅ ብቻ ለአራሹ ዋስትና አይሆንም። በባዶው ቦታ ማን እንደቆመ ማየት ያስፈልጋል።

10. ዛሬስ?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው። በብዙ ቦታ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቷል። በአማራ ክልል በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሴቲቱ ጉልበት በአውድማው ላይ ሁልጊዜ ነበር፤ ስሟ ግን በወረቀት ላይ አልነበረም።

ዛሬም መሬት ያለው በሬ ሊያጣ ይችላል። በሬ ያለው መሬት ሊያጣ ይችላል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ብዙ ነው። በእኩል የሚያርስ፣ በኪራይ የሚያርስ አለ። የማዳበሪያ ዋጋ አለ። የነጋዴ ሚዛን አለ። ዛሬ ጭሰኛ የሚባል የለም፤ ግን ሦስቱ ጥያቄዎች አሉ። በምን ተመረተ? መሬቱና መሣሪያው የማን ነው? ምርቱን ማን ሰፈረው?

የጭላሎው ጭሰኛ ከመሬቱ ሲነቀል የሚያሳየው ውል አልነበረውም። ከፈረንሳይ ገበሬዎች ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉትን መዝገብ አቃጠሉ። እናንተ ግን ታነባላችሁ። ሚዛኑን አንብቡ። ደረሰኙን አንብቡ። የኪራይ ውል ስትዋዋሉ ከመፈረማችሁ በፊት ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉ። ይህ ለብቻ አይሆንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ በማኅበር አንብቡ፤ በማኅበር ጠይቁ።

የቃላት ፍቺ

አምራች ኃይል፦ የሰው ጉልበት፣ ዕውቀትና የሚሠራበት መሣሪያ አንድ ላይ።

የአመራረት ግንኙነት፦ ሰዎች ሲያመርቱ መሬቱና መሣሪያው የማን እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ።

መደብ፦ በመሬት፣ በሥራና በክፍያ አንድ ዓይነት ቦታ ያላቸው ሰዎች።

ጉልት፦ በሌላው ርስት ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት።

ቀላድ፦ የመሬት መለኪያ ገመድ።

ኮታ፦ ገበሬው ለመንግሥት እንዲሸጥ በግዴታ የሚቆረጥበት የእህል መጠን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ጭሰኛ 12 ኩንታል አመረተ። በሲሶ ቢያርስ ለባለመሬቱ ስንት ኩንታል ይሰጣል? በእኩልስ? ሕጉ እስከ ፈቀደው እስከ ሦስት አራተኛ ቢሆንስ? አሥራቱን ትታችሁ አስሉ።

2. ትራክተር በአርሲ ጭሰኛውን የጎዳው ለምንድን ነው? መሬቱ የጭሰኛው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

3. የጎጃም ባለርስትና የአርሲ ጭሰኛ የተለያየ ነገር የፈለጉት ለምንድን ነው?

4. በእናንተ ቀበሌ በአያቶቻችሁ ዘመን ምርት እንዴት ይካፈል ነበር? አዛውንቶችን ጠይቁ። ሴቶችንም ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።